የካፋ ሰማይ ምስክሮች

(በቀድሞ ተማሪዎች የመገናኘት በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)

ቦንጋ እንደምታውቋት ናት፤ ጠዋት ጉም፣ ከሰዓት ዝናብ፣ ማታ ቡና።

አዘጋጅ ኮሚቴው "ከፊዚክስ ክፍል አንድ ሰው ይናገር" ብሎ ዕድሉ ለእኔ ደረሰ። እኔም ላወራችሁ የመረጥኩት በሌሊት ሰማዩን በድንገት አብርቶ ስለሚያልፍ እሳት ነው። "በካፋ ደግሞ ማን ሰማይ ያያል? ወይ ደን ነው፣ ወይ ደመና ነው" ትሉኝ ይሆናል። እውነታችሁን ነው። ይህን ርዕስ የመረጥኩትም በዚሁ ምክንያት ነው። ቆይቼ እመለስበታለሁ።

በ2017 ዓ.ም. ጥር ወር መጀመሪያ ላይ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። በደቡባዊው የአገራችን ክፍል ማታ ላይ እሳት የመሰለ ነገር ጭራውን እየጎተተ፣ እየተሰባበረም ሰማዩን ሲያቋርጥ ታየ። ሰው በስልኩ ቀረጸው፤ ቪዲዮውም ባንድ ሌሊት አገር አዳረሰ። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ የታየው ነገር የጠፈር ስብርባሪ ወይም ሚቲዮር ሊሆን እንደሚችል ገለጸ። ያ ሰሞን በአዋሽ ፈንታሌና በዶፈን አካባቢ መሬት እየተንቀጠቀጠ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከቀዬው የተነሣበት ሰሞን ነበር። ከታች መሬቱ ሲናወጥ፣ ከላይ እሳት ሲታይ፣ የሰው ልብ ምን ይሁን? አንዱ ጦርነት ነው አለ፤ ሌላው የዓለም ፍጻሜ ነው አለ፤ ሌላው ሁለቱም ነገሮች አንድ ናቸው ብሎ አገናኛቸው።

የእኔም ስልክ ዕረፍት አልነበረውም። የሁለተኛ ደረጃ መምህር ስትሆኑ፣ በተለይ የፊዚክስ፣ የሰማይ ጉዳይ ሁሉ የእናንተ ነው። "መምህር፣ ምንድን ነው?" ይላሉ። ያንኑ አንድ ቪዲዮ ከሃያ ሰው በላይ ላከልኝ። ታዲያ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ከላኩልኝ ሰዎች መካከል "እኔ እዚህ ቦታ ቆሜ ነበር፣ በዚህ ሰዓት፣ በዚህ አቅጣጫ አየሁት" ያለኝ አልነበረም። ሁሉም የሌላ ሰው ዓይን ያየውን ነው የላከው። ዛሬ እንድንነጋገርበት የምፈልገው ይህንኑ ነው፤ ስለ ማየት፣ ያዩትን ስለ መመስከርም።

መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ በአጭሩ ልበል። የሌላ ክፍል ተመራቂዎች ትንሽ ታገሡኝ፤ መምህሮቼ ደግሞ ካሳጠርኩት ይቅር በሉኝ።

ተወርዋሪ ኮከብ የምንለው ኮከብ አይደለም። ከጠፈር የመጣ የአለት ወይም የብረት ቅንጣት ነው። ብዙውን ጊዜ ከአሸዋ ፍሬ ወይም ከቡና ፍሬ አይበልጥም። ወደ አየራችን የሚገባው በሰከንድ ከ11 እስከ 72 ኪሎ ሜትር በሚደርስ ፍጥነት ነው። በዚህ ፍጥነት ከቦንጋ ጅማ ለመድረስ ቢዘገይ ሰባት ሰከንድ ያህል ቢበቃው ነው፤ እኛ በሚኒባስ ስንት ሰዓት እንደምንፈጅ ታውቃላችሁ። ከመሬት 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሲደርስ ከፊቱ ያለው አየር ተጨምቆ ይግላል፤ አለቱ ከላዩ እየቀለጠ ይተናል፤ ያን ጊዜ ብርሃን ይሆናል። ከዘሃራ ኮከብ ይበልጥ የደመቀ ከሆነ "የእሳት ኳስ" ይባላል። አለቱ ተለቅ ያለ ከሆነ ተርፎ መሬት ይደርሳል። ያ መሬት የደረሰው ድንጋይ ሚቲዮራይት ነው። አብዛኛውን ጊዜ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱን ጨርሶ ይጠፋል፤ ከዚያ በኋላ እንደ ማንኛውም የተወረወረ ድንጋይ በጨለማ ይወድቃል። ስለዚህ "እሳቱ እታች ድረስ ወርዶ ከዚያ ጋራ ኋላ ወደቀ" የሚል ሰው አይዋሽም፤ ዓይኑ ያየው ግን በጣም ሩቅ የሆነ ነገር ነው። ከአድማስ 10 ዲግሪ ብቻ ከፍ ብሎ የታየ፣ 60 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያለ እሳት ከእኛ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ከቦንጋ ሆኖ "ከጋራው ኋላ ነው" ያለ ሰው የሚያወራው ስለ ኦሞ ሸለቆ ማዶ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ሚቲዮርን ከሌሎች ብርሃኖች መለየት ከባድ አይደለም። ሚቲዮር ይቸኩላል፤ ከአንድ እስከ አሥር ሰከንድ ባለው ጊዜ ያልቃል። የሮኬት ወይም የሳተላይት ስብርባሪ ግን በሰከንድ ከ7 እስከ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚጓዘው፤ ስለዚህ ሰማዩን ከዳር እስከ ዳር በዝግታ ያቋርጣል፤ ብዙ ቁርጥራጭ እየሆነ አንድ ደቂቃና ከዚያም በላይ ሊታይ ይችላል። እንደ ዶቃ ተሰካክተው ያለ ድምፅ የሚያልፉ ነጥቦች ካያችሁ ደግሞ አዲስ የተወነጨፉ የኢንተርኔት ሳተላይቶች ናቸው፤ ማንንም አይነኩም። ስብርባሪ ይወድቃል ወይ ካላችሁ፣ አዎ ይወድቃል። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 30 ቀን 2024 በጎረቤታችን በኬንያ፣ ሙኩኩ በምትባል መንደር 500 ኪሎ ግራም የሚመዝን፣ ስፋቱ 2.5 ሜትር የሆነ የብረት ቀለበት ወድቋል። የኬንያ የጠፈር ኤጀንሲ የሮኬት አካል መሆኑን አሳውቋል። የመንደሩ ሰዎች ድምፁን ሰምተው ወጥተው፣ አይተው፣ ለሚመለከተው ተናግረው ነው የታወቀው።

አሁን የራሴን ልጨምር። በተማሪነታችን ዘመን፣ አንድ የበጋ ማታ መብራት ጠፍቶ ከመኝታ ክፍላችን ደጃፍ ላይ ቆመን ነበር። መብራት ሲጠፋ ለእኛ ችግር ነው፤ ለሰማዩ ግን በረከት ነው። በድንገት ግቢው በራ። የግድግዳው ጥላ፣ የዛፉ ጥላ፣ የእኛም ጥላ መሬት ላይ ሲሮጥ አየሁ። ቀና ስል አረንጓዴ የሆነ፣ ጫፉ ላይ ብርቱካናማ የሚመስል እሳት ቁልቁል እየወረደ ሁለት ሦስት ቦታ ተከፍሎ ጠፋ። ከዚያ ጩኸት ሆነ። "ሚሳይል ነው!" "አውሮፕላን ተቃጠለ!" ከአሥር ደቂቃ በኋላ ስንጠያየቅ አሥራችንም አሥር የተለያየ አቅጣጫ ጠቆምን። ግማሹ ሁለት ሰከንድ ነው አለ፤ ግማሹ ግማሽ ደቂቃ ነው አለ።

ከሁላችንም የተሻለውን ቃል የሰጠን የግቢው ጥበቃ ነበር። ጋሼ እንለው ነበር። ፊደል የቆጠረው ጥቂት ነው፤ ነገር ግን በየሌሊቱ እዚያው በር ላይ፣ እዚያው ቦታ ይቆማል። "ከትልቁ ቀረሮ ዛፍ በስተግራ ገብቶ ከጥግ ባለው ምሰሶ ላይ ጠፋ" አለን። እኛ "ጋሼ፣ ስንት ደቂቃ ቆየ?" ስንለው ሳቀ። "ምን ደቂቃ አለው! አንድ ስኒ ቡና ሞልቶ እስኪቀዳ ነው" አለ። "ከዚያ እኔ ከበሩ ተነሥቼ ወደ ውኃ ታንከሩ ስሄድ፣ ልደርስ ስል፣ ከሩቅ የሚያጉረመርም ነጎድጓድ ሰማሁ። ደመና ግን አልነበረም።"

በማግሥቱ የተባለውን አንድ በአንድ ሞከርነው። ጀበና አስጥደን ስኒ ሞልተን ቀዳን፤ በስልክ ለካነው፤ አምስት ሰከንድ ገደማ ሆነ። ከበሩ እስከ ታንከሩ በጋሼ እርምጃ ተራመድን፤ ሁለት ደቂቃ ተኩል ሆነ። ድምፅ በዚያ ከፍታ ባለው ቀዝቃዛ አየር ውስጥ በሰከንድ 300 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ሁለት ደቂቃ ተኩል ማለት 150 ሰከንድ ነው። ስናባዛው 45 ኪሎ ሜትር። ከበሩ ቆመን ዛፉንና ምሰሶውን በኮምፓስ ለካን። እንግዲህ ልብ በሉ፤ አንድ መሣሪያ ሳይኖረን፣ አንድ ጥበቃ፣ አንድ ጀበናና አንድ የውኃ ታንከር አቅጣጫውን፣ የቆየበትን ጊዜና ርቀቱን ሰጡን። ድምፅ መሰማቱ ደግሞ ሌላ ነገር ይነግራል፤ አለቱ ወደ ታች ጠልቆ ገብቷል ማለት ነው። ድንጋይ ወድቆም ሊሆን ይችላል።

የጎደለን ሁለተኛ ምስክር ነበር። አንድ ሰው መስመር ይሰጣል፤ ቦታ የሚሰጡት ሁለት ሰዎች ናቸው። ጅማ ወይም ሚዛን ላይ ሆኖ ያንኑ እሳት ያየ፣ ያየውንም የጻፈ ሰው ቢኖረን ኖሮ የት ወረዳ፣ ምናልባትም የት ቀበሌ ላይ እንደሆነ በካርታ ላይ እናስቀምጠው ነበር። ያየ አልጠፋም፤ የጻፈ ነው የጠፋው።

ሁለተኛ ምስክር ሲገኝ፣ ዩኒቨርሲቲም ከጀርባው ሲቆም ምን እንደሚሆን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ሱዳን ይበቃናል። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 6 ቀን 2008 ሪቻርድ ኮዋልስኪ የሚባል በአሜሪካ አሪዞና የሚሠራ ተመልካች አራት ሜትር ገደማ ስፋት ያላት ትንሽ አስትሮይድ አገኘ። ስሟ 2008 ቲሲ3 ተባለ። አንድ ቀን እንኳ ሳይሞላ፣ በማግሥቱ ሊነጋጋ ሲል፣ በሰሜን ሱዳን በኑቢያ በረሃ ሰማይ ላይ 37 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ፈነዳች። ሰው ልጅ ገና ጠፈር ላይ ሳለች አይቶ፣ ትወድቃለች ብሎ ተናግሮ የወደቀች የመጀመሪያዋ አስትሮይድ እሷ ናት።

ቴሌስኮፕ ግን ድንጋዩን አላነሣውም። ድንጋዩን ያገኙት የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። የዩኒቨርሲቲው የፊዚክስ መምህር ዶክተር ሙዓዊያ ሻዳድና ከአሜሪካ የመጣው የሚቲዮር ተመራማሪ ፒተር ጄኒስከንስ መጀመሪያ ያደረጉት የምስክሮችን ቃል መሰብሰብ ነው። በዋዲ ሃልፋና በባቡር ጣቢያዎቹ ያሉ ሰዎችን ጠየቁ፤ ሊነጋ ሲል በስልክ የተቀረጸውን የጭሱን ምስል አዩ። ከዚያ በታኅሣሥ ወር 45 ተማሪዎችና ሠራተኞች በአውቶቡስ ወደ በረሃው ወርደው፣ ጎን ለጎን ተሰልፈው፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ጥለው በእግራቸው አሰሱ። በዚያ ወር በተደረጉት ፍለጋዎች 47 ድንጋዮች፣ በድምሩ 3.95 ኪሎ ግራም ተገኙ። ስማቸው "አልማሃታ ሲታ" ሆነ፤ በአረብኛ "ስድስተኛው ጣቢያ" ማለት ነው፤ በአቅራቢያው ያለችው ትንሽ የባቡር ጣቢያ ስም ነው። ዛሬ በዓለም ላይ ሚቲዮራይት የሚያጠና ሰው ሁሉ ያቺን ጣቢያ በስም ያውቃታል። የሚቲዮራይት ስም የሚወሰደው ከወደቀበት ቦታ ነውና።

በእኛም አገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1970 በወለጋ ነጆ፣ እ.ኤ.አ. በ1981 ደግሞ በሐረርጌ ጉርሱም ሰው እያየ የወደቁ ድንጋዮች አሉ። የጉርሱሙ 35 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። "ነጆ" እና "ጉርሱም" ተብለው በዓለም አቀፉ የሚቲዮራይት መዝገብ ላይ ሰፍረዋል። ሁለቱም በመዝገቡ የተጻፉት "ሲወድቁ የታዩ" ከሚባሉት ጋር ነው። አንድ ሰው ቀና ብሎ ባያይ፣ ሰምቶም ሄዶ ባይፈልግ፣ ከእርሻ ድንጋይ ጋር ተቀላቅለው በቀሩ ነበር።

አሁን መጀመሪያ ላይ ቆይቼ እመለስበታለሁ ወዳልኳችሁ ነገር ደረስኩ። ኦማን ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ሚቲዮራይቶች ተገኝተዋል፤ ከኢትዮጵያ የተመዘገቡት ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ሰማዩ ለኦማን አድልቶ አይደለም። በበረሃ ድንጋዩ ይጠብቃል። አሸዋው ገርጣ ያለ ነው፣ ድንጋዩ ጥቁር ነው፣ ዝናብ የለም፤ ሺህ ዓመት ቢቆይ እዚያው ነው። የእኛ ካፋ ግን በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ዝናብ የሚወርድበት አገር ነው። አብዛኛው ሚቲዮራይት ብረት አለበት፤ ብረት ደግሞ ከዝናብ ጋር ምን እንደሚሆን የቤታችን ቆርቆሮ ይነግረናል። ጫካ ውስጥ የወደቀ ድንጋይ መጀመሪያ ቅጠል ይውጠዋል፣ ከዚያ ሽበት ያበቅላል፣ ከዚያ ዝጎ ከቀዩ አፈር ጋር አንድ ይሆናል። በዚያ ላይ አገራችን የእሳተ ገሞራ አለት አገር ነው፤ ጥቁር ድንጋይ ሞልቷል። ዓመታት ካለፉ በኋላ "ይህ ከሰማይ የመጣ ነው" ብሎ መለየት ከባድ ነው።

ስለዚህ በካፋ ድንጋዩ አይጠብቀንም። ያለን ነገር የሰው ዓይን ብቻ ነው፤ እሱም በዚያች ስኒ ቡና በምትቀዳባት ጊዜ ውስጥ። ደመናና ደን የሸፈነው ሰማይ ስለሆነ ነው እያንዳንዱ ያየ ሰው የበለጠ የሚያስፈልገን። በረሃ ውስጥ ምስክር ቢጠፋ ድንጋዩ ይመሰክራል፤ እዚህ ምስክር ከጠፋ ሁሉም ጠፋ።

ምስክር ኖሮ፣ ጻፊ ሲጠፋ ምን እንደሚመጣም ላንሣ። በሶማሊያ ኤል ዓሊ በምትባል ከተማ አጠገብ 15.2 ቶን የሚመዝን የብረት ሚቲዮራይት ነበር። የግመል እረኞች ለትውልዶች ያውቁት ነበር፤ ቢላዋ ይስሉበት ነበር፤ በዘፈናቸውም ውስጥ ነበር። በሳይንስ መዝገብ የገባው ግን በቅርብ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በካናዳ የአልበርታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከእሱ በተቆረጠች ትንሽ ቁራጭ ውስጥ በተፈጥሮ ታይተው የማያውቁ ማዕድናት ማግኘታቸውን አስታወቁ። ዋናው ድንጋይ በዚያን ጊዜ ከቦታው ተነሥቶ፣ ለሽያጭ ወደ ቻይና ተወስዶ ነበር። እረኛው ያውቅ ነበር፤ ምሁሩ ግን እረኛውን አልጠየቀም። በሁለቱ መካከል የተማረ የአገር ልጅ ቆሞ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ መልክ ይኖረው ነበር። ያ በመካከል የሚቆመው የአገር ልጅ ማን ነው? እዚህ አዳራሽ ውስጥ የተቀመጣችሁት ናችሁ።

እስቲ ዙሪያችሁን እዩ። ጊምቦ የምታስተምር አለች። ደቻ ጤና ጣቢያ ያለ አለ። ጨና፣ ጌሻ፣ ሳይለም፣ አዲዮ፣ ጠሎ በግብርና ባለሙያነት የሚዞሩ አሉ። ውሽውሽ ሻይ ልማት ያሉ አሉ። ጅማና ሚዛን የሄዱም አሉ። ቦንጋ ደግሞ በመካከል ናት፤ በአየር ከጅማ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከሚዛንም እንዲሁ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ። ሌላ አገር በብዙ ገንዘብ የሌሊት ካሜራ በዚህ ርቀት ይተክላል። እኛ ሳናስበው ሰው ተክለናል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ቦንጋ ያለው ሰው እሳቱን በሰሜን ምሥራቅ አየው እንበል፤ ጅማ ያለችው ደግሞ በደቡብ ምዕራብ አየችው። ያለፈው በመካከላቸው ነው። ሁለቱም በደቡብ ምዕራብ ካዩት ከቦንጋ ወዲያ ነው። ጅማ ያለችው ልክ ከአናቷ በላይ አይታው፣ ቦንጋ ያለው ደግሞ ከአድማስ 40 ዲግሪ ከፍ ብሎ ካየው፣ 80ን በ40 ዲግሪ ታንጀንት አባዙ፤ ከፍታው 67 ኪሎ ሜትር ሆነ። የዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ ነው። ዲግሪውን በምን እለካለሁ ለሚል፣ ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ጡጫችሁን ጨብጡ፤ አንድ ጡጫ 10 ዲግሪ ገደማ ነው። አራት ጡጫ ከአድማስ ወደ ላይ ስትቆጥሩ 40 ዲግሪ ሆነ።

እንግዲህ እሳት ያየ ሰው ስልኩን አውጥቶ ለመቅረጽ አይሯሯጥ፤ እስኪያወጣ ነገሩ ያልቃል። ይልቅ ዓይኑን ሳይነቅል ይቁጠር። ከዚያ ከቆመበት ሳይንቀሳቀስ የት እንደጀመረና የት እንደጠፋ በቋሚ ነገር ምልክት ያድርግ፦ በዛፍ፣ በቤት ጣሪያ፣ በመብራት ምሰሶ። ሰዓቱን ይይ። ከዚያ ቢያንስ አምስት ደቂቃ ዝም ብሎ ድምፅ ያዳምጥ፤ ከሰማ ስንት ጊዜ እንደፈጀ ይጻፍ። ቀለሙን፣ መሰባበሩን፣ ጭስ መተዉን ይጨምር። ከሌላ ሰው ጋር ከመነጋገሩ በፊት ይጻፈው፤ ከተነጋገርን በኋላ የሁላችንም ቃል አንድ ይሆናል፤ የሚመስለን ያየነው ነው፣ የሰማነውን ግን ነው የምንናገረው።

በዚህ ላይ አንድ የደኅንነት ምክር አለኝ፤ በተለይ ለመምህራን። እ.ኤ.አ. የካቲት 15 ቀን 2013 በሩሲያ ቼልያቢንስክ 20 ሜትር ገደማ ስፋት ያለው አለት ሰማይ ላይ ፈነዳ። 1,500 ገደማ ሰው ተጎዳ፤ አብዛኛው የተጎዳው በድንጋዩ ሳይሆን በመስኮት መስታወት ነው። ብርሃኑ ሲታይ ሰዉ "ምንድን ነው?" ብሎ ወደ መስኮት ሮጠ፤ የድምፁ ግፊት የደረሰው ግን ከአንድ እስከ ሁለት ደቂቃ ተኩል ዘግይቶ ነው። አንዲት የአራተኛ ክፍል መምህርት ብርሃኑን ስታይ 44ቱን ተማሪዎቿን ከዴስክ ሥር አስገባቻቸው። እሷ በመስታወት ተቆረጠች፤ ከልጆቹ አንድም አልተጎዳም። እንዲህ ያለ ፍንዳታ በሰው ዕድሜ አንዴም ላይገጥም ይችላል፤ ነገር ግን ደማቅ ብርሃን ከታየ ከመስኮት መራቅ የሚከፈልበት ነገር የለም።

ሌላው ጉዳይ ከሰዎች ጋር ያለን ነገር ነው። ወደ ገጠር ወርዳችሁ ስትጠይቁ አዛውንቱ "ኮከብ ሲወረወር ትልቅ ሰው ይሞታል" ቢሏችሁ አትሳቁ። ከሳቃችሁ የሚቀጥለውን አይነግሯችሁም። የሚቀጥለው ደግሞ ምናልባት "ያን ለት ከብቶቹ ደነገጡ፣ ከወንዙ ማዶ ድምፅ ሰማን" የሚል ይሆናል። "አባባ፣ የት ቆመው ነበር? አብረን ሄደን ያሳዩኝ" በሏቸው። በማር ቆረጣ፣ በቡና ጥበቃ፣ በከብት እረኝነት ሌሊቱን ውጭ የሚያድር ሰው እኛ ከምናየው ሰማይ አሥር እጥፍ ያያል። የእምነቱን ጉዳይ ለእሳቸው እንተውላቸው፤ ዓይናቸው ያየውን ግን በክብር እንጻፈው።

ድንጋይ አገኘሁ የሚል ከመጣም መመዘኛው ብዙ አይደለም። አዲስ የወደቀ ሚቲዮራይት ላዩ እንደ ተቃጠለ ስስ ጥቁር ቅርፊት አለው፤ ከተራ ድንጋይ ይከብዳል፤ አብዛኛውን ጊዜ ማግኔት ይስበዋል። እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ የበዛበት ከሆነ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ወይም የብረት ማቅለጫ ቅሪት ነው። በእጅ አብዝታችሁ አትነካኩት፤ አትጠቡት፤ አትፈንክቱት። በንጹሕ ደረቅ ነገር ጠቅልላችሁ፣ የተገኘበትን ቦታ ጽፋችሁ ወደ ዩኒቨርሲቲው አምጡት። ያገኘው ሰው ስምም ከድንጋዩ ጋር ይጻፍ።

ለመምህሮቼ አንድ ጥያቄ አለኝ። በጀት አልጠይቅም፤ ቴሌስኮፕም አልጠይቅም። አንድ ወፍራም ደብተር በፊዚክስ ክፍል ይቀመጥ፤ ላዩ ላይ "የሰማይ ምስክር" ይባል። ከየወረዳው የሚመጣው ቃል በቀን በሰዓቱ ይግባበት፤ የሚሰበሰበውም ምስክርነት ለሚቀበለው ለዓለም አቀፉ የሚቲዮር ድርጅት ይላክ። ካፋ ደኗን፣ ወፏን፣ የዱር ቡናዋን አስመዝግባ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆናለች። ከዛፉ በታች ያለውን ቆጥረናል፤ ከዛፉ በላይ ያለው ገና አልተነካም።

ለእናንተ ለጓደኞቼ ደግሞ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። ታኅሣሥ 4 ለ5 አጥቢያ ጀሚኒድ የሚባለው የሚቲዮር ዝናብ የሚያይልበት ሌሊት ነው። የነሐሴው ፐርሴይድ ለእኛ አይሆንም፤ ክረምት ነው፣ ደመናው አያሳይም። የታኅሣሡ ግን ቡና ተለቅሞ ሰማዩ ጠራ በሚልበት ወቅት ነው። ከአራት ሰዓት በኋላ ከመብራት ራቅ ብላችሁ፣ ጋቢ ለብሳችሁ፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ለአንድ ሰዓት ቁጭ በሉ፤ ቁጠሩ፤ ጻፉ። ከዚያ የተገኘ ድንጋይ አይኖርም፤ የጀሚኒድ ቅንጣቶች ትንንሽ ናቸው፣ እላይ ነው የሚያልቁት። ጥቅሙ ልምምዱ ነው። የተለማመደ ዓይን ትልቁ እሳት ሲመጣ አይደነግጥም።

ያ ትልቁ እሳት መቼ እንደሚመጣ አይነገርም፤ ማታ ነገ ሊሆን ይችላል፣ ከሃያ ዓመት በኋላም ሊሆን ይችላል። ሲመጣ ግን ጅማ ያለችው የራሷን መስመር ትጻፍ፤ ሚዛን ያለውም የራሱን፤ ቦንጋ ያለነው እናገናኘዋለን። ነጆ በመዝገብ አለ፤ ጉርሱም አለ፤ አንዲት የሱዳን ባቡር ጣቢያ አለች። አንድ ቀን "ጊምቦ" ወይም "ደቻ" የሚል ስም ከእነሱ ጎን የሚሰፍር ከሆነ፣ የሚሰፍረው ከእናንተ አንዳችሁ በዚያች ሌሊት ቆማ ቆጥራ ስለጻፈች ነው።